ፓነሉን በመጨረሻ ግዙ፦ የቤት ሶላር በራሳችሁ ስትተክሉ ምን ከምን ይሻላል?

ለቤቱ ሶላር ሊተክል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «የትኛው ፓነል ይሻላል?» ይለኛል። ጥያቄው ይገባኛል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚታየው ፓነሉ ነው። ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ብትሳሳቱበት ብዙ የማይጎዳችሁ እሱ ነው። ቢያንሳችሁ ሌላ ትጨምራላችሁ። የሲስተሙን ቮልት፣ ባትሪውን ወይም ገመዱን ከሳታችሁ ግን ወይ ሁሉንም አፍርሳችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ፣ ወይ ቤታችሁን ለእሳት ታጋልጣላችሁ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከታች ወደ ላይ ነው። ከፍጆታ እንነሳለን፣ በባትሪ እናልፋለን፣ ጣሪያው ላይ የምንወጣው ዘግይተን ነው። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። እኔ የቱን እንደምመርጥም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

አንድ ቤት በምሳሌ እንያዝ። እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

ቤቱ 6 አምፖሎች አሉት። እያንዳንዱ 9 ዋት ነው፤ በቀን 5 ሰዓት ይበራል። ሲባዛ 270 ዋት ሰዓት ይመጣል። ቴሌቪዥኑ 80 ዋት ነው፤ በ4 ሰዓት 320። ላፕቶፑ 60 ዋት፤ በ4 ሰዓት 240። የዋይፋይ ራውተሩ 10 ዋት ብቻ ቢሆንም ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ እሱም 240። ለስልኮች 60 እንያዝ። ፍሪጁን 1,000 እንበለው። ጠቅላላ ድምሩ 2,130 ዋት ሰዓት ነው።

ፍሪጁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጀርባው ላይ 150 ዋት የሚል ጽሑፍ ያያል፤ በ24 ሰዓት ያባዛና 3,600 ያወጣል። የፍሪጅ ሞተር ግን ሲበርድለት ይቆማል፣ ሲሞቅ ይነሳል፤ ሙሉ ቀን አይሠራም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የፍጆታ መለኪያ አለ። ፍሪጃችሁን ለሁለት ቀን እሱ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ከማንኛውም ግምት የተሻለ ቁጥር ይሰጣችኋል።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነገር ይምጣ። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ራሱ ይበላል። ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ስለተቀመጠ ብቻ፣ 30 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ብርቅ አይደለም። 30 በ24 ሲባዛ 720 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ከቴሌቪዥኑ ፍጆታ ከእጥፍ በላይ ነው! ስለዚህ የቤታችን እውነተኛ ቁጥር 2,850 ነው። ይህን ያልቆጠረ ሰው ነው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ባትሪው ተበላሽቷል» የሚለው። ባትሪው ምንም አልሆነም።

ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው። ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ባትሪ አይችለውም ማለቴ አይደለም፤ ዋጋው ነው የማይቻለው። 2,000 ዋት የውሃ ማሞቂያ አንድ ሰዓት ሲሠራ ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ተደምረው ቀኑን ሙሉ የሚወስዱትን ያህል ይጨርሳል። ለገላ ውሃ፣ ውሃውን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቀው የጣሪያ በርሜል ከፓነልና ከባትሪ በብዙ ይረክሳል።

ከመብራት መስመር ጋር ወይስ ለብቻ?

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከመብራት መስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ነው። ባትሪ የለውም። ቀን ያመነጨውን ቤቱ ይጠቀማል፤ ትርፉ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ርካሽ ነው፣ ብዙ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ግን ሰው ሳያውቅ ገዝቶ የሚያዝንበት አንድ ጠባይ አለው፦ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና እንኳ! ብልሽት አይደለም፤ እንዲህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በእናንተ ጣሪያ ኤሌክትሪክ እንዳይመታ ነው።

ሁለተኛው ለብቻው የሚቆመው ነው፤ ፓነል፣ ባትሪና ኢንቨርተር። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ኢንቨርተሮች ከመስመሩ መቀበል ይችላሉ። ባትሪው ሲያልቅ ወደ መስመሩ ይዞራሉ። መልሰው ግን ወደ መስመሩ አይልኩም። ሦስተኛው ሃይብሪድ የሚባለው ነው፤ ይቀበላልም፣ ያከማቻልም፣ ይልካልም።

በራሱ እጅ ለሚሠራ ሰው እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ወደ መስመር መላክ የኃይል አቅራቢውን ፈቃድ፣ ልዩ ቆጣሪና ምርመራ ይጠይቃል። የኃይል አቅራቢው ለምትልኩት የሚረባ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ ሃይብሪዱ ያዋጣል፤ ካልሆነ ባልተጠቀማችሁበት ችሎታ ገንዘብ አታውጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። በሁለቱም ጫፉ ወንድ መሰኪያ ያለው ገመድ ሠርታችሁ ኢንቨርተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ አትሰኩ። «ቤቱን ሁሉ በአንድ ገመድ አበራሁት» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያ ገመድ ከእናንተ ቤት ወጥቶ መስመር ላይ ያለ ሰው ሊገድል ይችላል። ከሶላር ወደ መስመር፣ ከመስመር ወደ ሶላር የሚቀይር፣ ሁለቱን በፍጹም አንድ ላይ የማያገናኝ መቀየሪያ ማብሪያ ይግባ። በኤሌክትሪሺያን እጅ ይግባ።

12፣ 24 ወይስ 48 ቮልት?

ብዙ ሰው የሚጸጸትበት ውሳኔ ይህ ነው። ምክንያቱም ባትሪው፣ ኢንቨርተሩና ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ሁሉም የሚገዙት በዚህ ቁጥር ነው። በኋላ ልቀይር ቢሉ ሁሉም ይቀየራል።

2,400 ዋት የሚያወጣ ኢንቨርተር እናስብ። በ12 ቮልት ሲስተም ከባትሪው 200 አምፔር ይስባል። በ24 ከሆነ 100፣ በ48 ከሆነ 50 ብቻ። ገመድን የሚያሞቀው ደግሞ አምፔር ነው። እሱም ሲጨምር በእኩል አያሞቅም፤ በራሱ ተባዝቶ ነው። አምፔሩ 4 እጥፍ ሲቀንስ እዚያው ገመድ ላይ የሚባክነው ሙቀት 16 እጥፍ ይቀንሳል።

አንድ ጊዜ የማውቀው ሰው ቤት «አንዳንዴ ኢንቨርተሩ ይጮሃል» ተብዬ ሄድኩ። የ12 ቮልት ሲስተም ነው። የባትሪውን ሽፋን ሳነሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የፖዘቲቩ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው የመዳብ ጆሮ በመጭመቂያ አልተጨመቀም፤ በመዶሻ ተመትቶ ነው የተያዘው። ላዩን ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ስቤ ሳየው ግን ከክሮቹ ግማሹ ልል ነበሩ። ቀይ የነበረው የገመዱ ልባስ ሦስት ጣት ያህል ርዝመት ቡናማ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ወራት ሠርቷል። ማንም አላየውም። ያ ገመድ በ48 ቮልት ቢሆን ኖሮ የሚሸከመው አምፔር ሩብ ብቻ ነበር። መጥፎው ሥራ ያው መጥፎ ነው፤ ለእሳት ግን እንዲህ አይቀርብም ነበር።

የእኔ መስፈርት ቀላል ነው። ለአምፖል፣ ለስልክና ለራውተር ብቻ ከሆነ 12 ቮልት ይበቃል። ኢንቨርተሩ ከ1,000 ዋት ካለፈ 24። ከ2,000 ካለፈ ወይም «በኋላ እጨምራለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ 48። የምሳሌያችን ቤት ፍሪጅ ስላለውና ነገ ፓምፕ ሊመጣ ስለሚችል 48 ብለን እንሂድ።

ባትሪው፦ እርሳስ ወይስ ሊትየም?

ከገንዘባችሁ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው እዚህ ነው፤ መሄድም ያለበት እዚህ ነው።

የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሽማግሌ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ነው የሠራው፤ እንደገና የሚሞላ የመጀመሪያው ባትሪ ነበር። ዛሬም መኪናውን የሚያስነሳው እሱ ነው። ሊትየም ስል ደግሞ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ዓይነት ማለቴ ነው። በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ጉዲናፍ ቡድን ያቀረበው ነው። ሌሎች የሊትየም ዓይነቶች ቀለል ይላሉ፤ ግን ሲቆጡ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ለቤት ይኼኛው የተረጋጋ ነው።

በወረቀት ላይ ሁለቱን እናወዳድር። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ቤታችን በቀን 2,850 ስለሚፈልግ ለአንድ ቀን ሙሉ እጥፉን፣ 5,700 ዋት ሰዓት፣ መግዛት አለብን። 12 ቮልት 120 አምፔር ሰዓት የሆኑ 4 ባትሪዎች በተከታታይ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር) ሲታሰሩ 48 ቮልትና 5,760 ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ልክ ይመጣል። ሊትየሙ ደግሞ 90 በመቶው ድረስ ቢጠቀሙበት ችግር የለውም። ገበያ ላይ የተለመደው 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነው ነው፤ 5,120 ዋት ሰዓት። ከዚያ ላይ 4,600 ያህሉን ትጠቀሙበታላችሁ። ማለትም በስሙ አነስ ያለው ሊትየም በሥራ ላይ ከእርሳሱ በብዙ ይበልጣል። ያለ ፀሐይ ቤቱን ለአንድ ቀን ተኩል ያቆየዋል።

ዕድሜውስ? በየቀኑ ሞልቶ የሚራገፍ ባትሪ በዓመት 365 ዙር ይሠራል። በግማሽ የሚራገፍ የእርሳስ ባትሪ እንደ ጥራቱ ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ዙር አካባቢ ይሄዳል። ጥሩ ሊትየም 3,000 ዙር ያልፋል፤ 6,000 ብለው የሚጽፉ አምራቾችም አሉ። 3,000 እንኳ ብንወስድ ከ8 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ሊትየሙን «ውድ ነው» ብሎ የተወ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ እርሳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይገዛል።

ለእኔ ግን ዋናው ልዩነት የዙሩ ቁጥር አይደለም። አሞላሉ ነው። የእርሳስ ባትሪ የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚሞላው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ደመና ከመጣ ሳይሞላ ያድራል። ነገም እንደዚያው። ሳይሞላ የከረመ የእርሳስ ባትሪ ውስጥ ሳህኖቹ ላይ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይጋገራል፤ አቅሙን እየበላው ይሄዳል። የዝናብ ወቅት ሲያልፍ ባትሪው አርጅቶ ይገኛል። ሊትየም ይህ ችግር የለበትም። ግማሽ ላይ ቢከርም አይከፋውም። ፀሐይ እንደ ልብ በማትገኝበት ወቅት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሊትየምም የራሱ ነውር አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ይጎዳል። ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ ቀን በፀሐይ የሚጋገር የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት። ቮልቱ ከሙሉ እስከ ባዶ ሊደርስ ሲል ድረስ ብዙም ስለማይለዋወጥ በቮልት አይታችሁ «ስንት ቀረኝ?» ማለት አይቻልም። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪዩት አለ። ከልክ ያለፈ ነገር ሲያይ ባትሪውን ቆርጦ ይዘጋል። ያ ጠባቂ የሌለው ሊትየም በነፃ ቢሰጣችሁም ቤት አታስገቡት።

እርሳስን የምመርጥበት ጊዜ አለ? አለ። በረዶ የሚሠራ ያልሞቀ ክፍል ውስጥ ከሆነ። ወይም መብራት የሚጠፋው አልፎ አልፎ ሆኖ ባትሪው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ የሚቀመጥ ከሆነ። ያኔም ውሃ የማይጨመርበትን ደረቁን ዓይነት እወስዳለሁ። ውሃ የሚጨመርበት ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ያ ጋዝ ተጠራቅሞ በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። የመኪና ባትሪ ግን በምንም ሁኔታ አይሆንም። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲተፋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል።

ሴሎችን ገዝቶ ራሱ መገጣጠም የሚፈልግም አለ። 16 ሴል፣ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት። ይረክሳል፣ ትምህርትም ነው። ግን አንድ የብረት መፍቻ በስህተት ሁለት ጫፍ ላይ ቢወድቅ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ይፈስበታል፤ መፍቻው ይቀልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ተገጣጥሞ የመጣውን ግዙ። በየትኛውም ባትሪ ላይ ስትሠሩ ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ፤ የመፍቻውን እጀታ በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልሉ።

አሮጌና አዲስ ባትሪ አታቀላቅሉ። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ካሰራችሁ ደግሞ ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው ጫፍ አውጡ። ሁለቱንም ከአንዱ ካወጣችሁ እሱ ብቻ ይለፋል።

ኢንቨርተርና ቻርጅ ኮንትሮለር

ኢንቨርተር ስትመርጡ ሞገዱ ንጹህ ሳይን፣ ማለትም እንደ መብራት መስመሩ ለስላሳ፣ የሆነውን ብቻ ተመልከቱ። የተቆራረጠ ሞገድ የሚሰጡት ርካሾቹ አምፖል ያበራሉ፤ የፍሪጅ ሞተር ላይ ግን ያጉረመርማሉ፣ ያሞቁታልም። መጠኑን ደግሞ ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት አስቡት። 150 ዋት የሚለው ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ለቤታችን ቢያንስ 2,000 ዋት የሆነ፣ ለሰከንዶች እጥፉን የሚችል እወስዳለሁ።

ኢንቨርተሩ፣ ኮንትሮለሩና የመስመር መቀየሪያው በአንድ ሳጥን ተሰብስበው የሚመጡ አሉ። ሽቦ ሥራው ይቀንሳል፤ ለጀማሪ ጥሩ ናቸው። ጉዳታቸው አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም አብሮ መውረዱ ነው። ለየብቻ ከተገዙ ኢንቨርተሩ ቢቃጠል እንኳ ባትሪው መሞላቱን ይቀጥላል። መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ቤት ውስጥ ለምትኖሩ ለየብቻ መግዛቱ ያዋጣል እላለሁ። መስመር እንደ መጠባበቂያ ላላቸው አንድ ሳጥኑ ይበቃቸዋል።

ኮንትሮለሩ ላይ ሁለት ስም ታገኛላችሁ፤ ፒደብሊውኤም እና ኤምፒፒቲ። ልዩነቱን በቁጥር ብናየው ይሻላል። አንድ የ400 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ 31 ቮልትና 13 አምፔር ያህል ይሰጣል። ፒደብሊውኤም የፓነሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል። 12 ቮልት ባትሪ ላይ 13 ቮልት በ13 አምፔር፣ 169 ዋት ብቻ። ከግማሽ በላዩ ጠፋ! ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ከትንንሽ የ12 ቮልት ፓነሎች በስተቀር ፒደብሊውኤም አትግዙ።

አሁን ጣሪያው

ፓነል ላይ በመጨረሻ ደረስን፤ ምርጫውም ቀላል ነው። በ1954 ቤል ላብራቶሪ ያሳየው የመጀመሪያው ጠቃሚ የሲሊከን ሴል ከፀሐይዋ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። ዛሬ ተራ ሞኖ (ከአንድ ወጥ የሲሊከን ክሪስታል የተሠራ) ፓነል 20 በመቶ ያልፋል። ሰማያዊዎቹ፣ ከብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች የተሠሩት ፖሊ ፓነሎች ዝቅ ይላሉ፤ ሰፊ ቦታ ካላችሁና በጣም ከረከሱ ይሠራሉ። የሚተጣጠፉት ስስ ፓነሎች ለጀልባና ለመኪና እንጂ ለቤት አይደሉም። ሙቀት ስለሚይዙ ቶሎ ያረጃሉ።

ስንት ፓነል? የቀኑን ፍጆታ፣ የጠንካራ ፀሐይ ሰዓት በ0.75 ተባዝቶ በሚመጣው ቁጥር አካፍሉት። ያ 0.75 በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነውን የሚያስብ ነው። 5 ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ካለ 2,850 ሲካፈል 760 ዋት ነው፤ 2 ፓነል። ደመናማው ወቅት 3 ሰዓት ብቻ ከሰጠ ግን ወደ 1,270 ይወጣል። ማስላት ያለባችሁ በክፉው ወር ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙ ኮንትሮለር የሚቃጠለው እዚህ ነውና።

ፓነሉ ጀርባ ላይ ያለጭነት የሚሰጠው ቮልት ተጽፏል፤ 37 ነው እንበል። ኮንትሮለራችሁ «እስከ 150 ቮልት» ይላል። 4 ፓነል በተከታታይ ስናስር 148 ይመጣል። ይገባል ማለት ነው? አይገባም። 37 የተጻፈው በ25 ዲግሪ ነው። ፓነል ሲበርድ ቮልቱ ይጨምራል፤ በየዲግሪው 0.28 በመቶ ያህል። ዜሮ ዲግሪ የሆነ ማለዳ ላይ ጭማሪው 7 በመቶ ነው፤ 148 የነበረው 158 ይሆናል። ፀሐይዋ ብቅ ባለችበት ደቂቃ ኮንትሮለሩ ይሞታል። ዋስትናውም አይሸፍነውም።

«እንግዲያው 2 ብቻ በተከታታይ ላስር» ብትሉስ? ሁለት ፓነል ሲሠሩ 62 ቮልት ይሰጣሉ። በቀትር ግን ፓነሉ ራሱ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ሲሞቅ ቮልቱ ይወርዳል፤ 62 የነበረው ወደ 54 ይጠጋል። 48 ቮልት የምንለው ሊትየም ደግሞ ለመሙላት 56 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይዋ በጠነከረችበት ሰዓት ባትሪው በደንብ አይሞላም። ሰውየው ፓነሉን ያጥባል፣ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ምክንያቱ ግን አይገኝለትም።

3 በተከታታይ ግን ልክ ነው። በብርድ 119፣ በሙቀት 82። ከሁለቱም ወገን ይርቃል። ስለዚህ ለቤታችን 3 ፓነል፣ 1,200 ዋት። በጥሩ ወቅት በቀን 4,500 ዋት ሰዓት ያህል፣ በክፉው ወር 2,700 ያመጣል። ለጎደለችው ጥቂት ቴሌቪዥኑን ቀደም አድርጎ መዝጋት ይበቃል። መጨመር ከፈለጋችሁ ሌላ 3 በትይዩ ነው፤ አንድ ብቻ መጨመር አይሠራም። ሦስትና ከዚያ በላይ ረድፍ በትይዩ ካሰራችሁ ለእያንዳንዱ ረድፍ ፊውዝ ያስፈልገዋል።

በተከታታይ የታሰሩ ፓነሎች ጥላ አይወዱም። የአንድ ምሰሶ ቀጭን ጥላ አንዱን ፓነል ሲያቋርጥ የረድፉን ምርት ይጎትታል። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ጠዋት በ3፣ ቀን በ6 እና ከሰዓት በ9 ሰዓት ጣሪያችሁን ፎቶ አንሱት። ጥላው የት የት እንደሚሄድ ያኔ ታያላችሁ።

ጣሪያ ወይስ መሬት? አንድ ፓነል ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈራው ነፋስ ነው፤ ከሥር ገብቶ ያነሳዋል። ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ያለውን ማገር መያዝ አለበት። ከፓነሉ ሥር ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ፤ አየር ያቀዘቅዘዋል። አስቤስቶስ ያለበትን አሮጌ የጣሪያ ክዳን አትብሱት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። መሬት ላይ መትከል ለማጠብም ለመጠገንም ይመቻል፤ ለጥላና ለሌባ ግን የተጋለጠ ነው። ቦታ ካላችሁ እኔ መሬቱን እመርጣለሁ፤ ከጣሪያ መውደቅ ከየትኛውም ኤሌክትሪክ ያላነሰ አደጋ ነው። አቅጣጫው ወደ ምድር ወገብ ይዙር፤ ለወገቡ ቅርብ ከሆናችሁም 10 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት፤ ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ።

ከፊውዝ ላይ አትቆጥቡ

ባትሪና ፓነል የሚሰጡት ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። የግድግዳው ሶኬት ኤሲ፣ አቅጣጫውን የሚቀያይር ነው። ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ዜሮ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ብሬከር ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አያውቅም። ብልጭታው እንደ ብየዳ እሳት ይቀጥላል። ስለዚህ የኤሲ ብሬከር ፓነል መስመር ላይ ማስገባት ብሬከሩን ራሱን እሳት ማስነሻ ማድረግ ነው። ላዩ ላይ ዲሲ የሚልና ቮልቱ ከፓነላችሁ የብርድ ቮልት የሚበልጥ ይሁን። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክት ካለው ገልብጣችሁ አታስሩት።

ሊትየም ባትሪ ላይ ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ይግባ፤ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ። ኤምሲ4 የሚባሉትን የፓነል ማገናኛዎች ከረንት እየሄደባቸው አትንቀሉ፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ወንዱና ሴቱ ከአንድ አምራች ይሁኑ። ሌላ ሌላ ከሆነ ይገጥማል፤ ግን ይሞቃል። የፓነሎቹ ፍሬም ከመሬት ገመድ ጋር ይያያዝ።

የቱን በራሳችሁ፣ የቱን በባለሙያ?

ሁሉንም ካልሠራሁ የሚል ሰው አለ፤ ሁሉንም ለሌላ የሚተውም አለ። የመሃሉ መንገድ ይሻላል። ስሌቱን፣ የዕቃ ምርጫውን፣ የፓነል መቆሚያውን፣ የገመድ ዝርጋታውን ራሳችሁ ሥሩ። አብዛኛው ጉልበትና አብዛኛው ትምህርት እዚያ ነው። የቤቱን ማከፋፈያ ሳጥንና የመስመር መቀየሪያውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡ። ከማብራታችሁ በፊትም ሙሉ ሥራውን እንዲያይ ክፈሉት።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ፍላጎታችሁ ራውተር፣ ላፕቶፕና ጥቂት አምፖል ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። ባትሪውም ኢንቨርተሩም ውስጡ ያለ፣ በእጅ የሚንጠለጠል ሳጥን ግዙ። በዋት ሰዓት ሲሰላ ይወደዳል። ግን ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ስታበሩት መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኙ። ቀጥሎ ፓነሉን። ስታጠፉ በተቃራኒው፤ ፓነሉ ይቅደም። ከእያንዳንዱ ግንኙነት በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በመልቲሜትር ለኩ። የገመዱን ቀለም አትመኑ። ሸክም ጭናችሁ አንድ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ በየመገናኛው አጠገብ ያለውን የገመድ ልባስ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ከሌላው በተለየ የሚሞቅ ካለ አጥፉና ጫፉን እንደገና ጭመቁት። ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ ድጋሚ አጥብቁ።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ስትነሱ ባትሪው ስንት በመቶ ላይ እንዳደረ ደብተር ላይ ጻፉ። በየቀኑ ከ30 በታች የሚያድር ከሆነ ፓነል ለመግዛት አትሩጡ። ሌሊት ምን በርቶ እንደሚያድር መጀመሪያ ፈልጉ። ቀን ላይ ከ6 ሰዓት በፊት ሞልቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ ልብስ ማጠቢያውንና የውሃ ፓምፑን ወደ ቀትር አምጧቸው፤ ያ ኃይል ካልተጠቀማችሁበት ጣሪያው ላይ ይቀራል።